«መልካም ልደት» በጣልያንኛ

ጣልያንኛ የሚማር ባልንጀራችን «መልካም ልደት» የሚለውን ቃል በቃል ቢመልሰው «ቧን ናታሌ» ይሆንበታል። ይህንንም በሐምሌ ወር ለተወለደ ሰው ቢናገር መሳቂያ ይሆናል፤ «ናታሌ» በእነርሱ ዘንድ የገና በዓል ስም ነውና። በእኛ ቋንቋ «ልደት» የጌታንም የሰውንም ልደት ይይዛል፤ እነርሱ ግን ለይተውታል።

ታዲያ ምን እንበል? «ቧን ኮምፕሌአኖ» እንበል። «ኮምፒዬሬ» መፈጸም፥ «አኖ» ዓመት ነው። ጣልያኖች በቃሉ የሚያነሡት መወለድን ሳይሆን ዓመት መሙላትን ነው። ይህ አነጋገር ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እኛም «20 ዓመት ሞላኝ» እንላለን።

ዘወትር የሚሰማው ግን «ታንቲ አውጉሪ» ነው፤ ብዙ መልካም ምኞት ማለት ነው። የቃሉ ሥር ከጥንት ሮማውያን የመጣ ነው፤ «አውጉር» የሚባሉት ካህናት የወፎችን አበራረር አይተው የአማልክትን ፈቃድ ይናገሩ ነበር። ዛሬ «አውጉሪ» ለልደት ብቻ ሳይሆን ለሠርግም ለአዲስ ዓመትም ያገለግላል። ለወዳጅ ሲሆን «አ ቴ» (ለአንተ)፥ ለመምህር ወይም ለትልቅ ሰው ሲሆን «አ ሌይ» (ለእርስዎ) ተብሎ ይጨመርበታል። ዕድሜ ለመመኘትም «ቼንቶ ዲ ኩዌስቲ ጆርኒ» ይባላል፤ እንዲህ ያለ ቀን መቶ ይምጣልህ እንደ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን እንጠንቀቅ። ቀኑ ሳይደርስ ቀድሞ «አውጉሪ» ማለት በብዙ ጣልያኖች ዘንድ ገደ ቢስ ነው፤ ዓመቱ ገና አልሞላማ! ለፈተና የሚገባ ተማሪም ሲመኙለት የተለመደው ቃል «ኢን ቦካ አል ሉፖ» ነው፤ ወደ ተኵላው አፍ ግባ እንደ ማለት። የቆየው መልስ «ግራጽዬ» (አመሰግናለሁ) ሳይሆን «ክሬፒ!» ነው፤ ተኵላው ይሙት ማለት ነው።

በዓሉ የሚከበርለት ሰው «ፌስቴጃቶ» ይባላል። ሻማዎቹ «ካንዴሊኔ» ናቸው፤ «ቶርታ»ን ግን እኛም ወርሰነዋልና አስተርጓሚ አያሻንም። ጓደኞች ቡና ቤት ሲሰበሰቡ ሒሳቡን ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ባለልደቱ ራሱ ነው። ስለዚህ ጣልያን አገር ለትምህርት የሚሄድ ወንድማችን ወይም እኅታችን የተወለደበትን ቀን ከማውራቱ በፊት ኪሱን ይዳስስ።