ደራሽ ውሃ

ክረምት ሲገባ ሁላችንም ደስ ይለናል። ዝናብ እህላችን ነው። ነገር ግን ዝናብ ደራሽ ውሃም ያመጣል።

«ሰማዩ ጠርቶ የለም እንዴ? ጎርፍ ከየት ይመጣል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ደራሽ የሚመጣው ከላይ፣ ከደጋው ነው። ቆላው ፀሐይ እያለ ደጋው ላይ ዶፍ ሊጥል ይችላል። የተራቆተ ተራራ ውሃ አይይዝም። ሁሉንም ወደ ወንዙ ይለቀዋል።

በድሬዳዋ የሆነውን እንመልከት። የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት በደጋው ከባድ ዝናብ ጣለ። ሰው እንደተኛ ወንዙ ሞልቶ ከተማው ውስጥ ገባ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ።

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይባላል። ደራሽ ግን ፋታ አይሰጥም። ስለዚህ፦

1. ደጋው ከጠቆረ ወይም ነጎድጓድ ከተሰማ ከወንዝ ውስጥ ውጡ። ልጆችንና ከብቶችን አውጡ።

2. በደረቅ ወንዝ ውስጥ አትተኙ።

3. ወንዝ ከሞላ አትሻገሩ። ጉልበት የሚደርስ ወራጅ ውሃ ጎልማሳ ሰው ይጥላል። እስኪጎድል ጠብቁ።

ገበያ ቢያልፍ በሳምንቱ ይመለሳል። ነፍስ ግን አትመለስም።

ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል ጎረቤት አንብቡለት።