ኮሮላ ወይስ አይዲ 4? ፈረስ ጉልበቱ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ስንት ይቀራል?

ሁለት መኪና ፊታችሁ ቆመዋል እንበል። አንዱ ያገለገለ ቶዮታ ኮሮላ ነው፣ ባለ 1.8 ሊትር ቤንዚን ሞተር። ሌላው ከቻይና የመጣ ፎልክስዋገን አይዲ 4፣ ሙሉ ኤሌክትሪክ። በሥራ ቀን ደብረ ብርሃን ውስጥ ትመላለሱበታላችሁ፣ በወር ሁለት ሦስቴ አዲስ አበባ ትወርዱበታላችሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ወደ አንኮበር ወይም ወደ ጣርማ በር ወጣ ብላችሁ የመኪናውን አቅም ማየት ትፈልጋላችሁ። የትኛውን ትወስዳላችሁ?

የውጭ ዩቲዩበሮች ይህን ጥያቄ የሚመልሱት መኪኖቹን ትራክ ላይ ወስደው፣ ሰዓት ይዘው ነው። እኛ ዘንድ ትራክ የለም። ያለን ዳገት ነው። ዳገት ደግሞ የራሱ ሂሳብ አለው።

እነዚህን ሁለቱን የመረጥነው ገበያው ራሱ እንዲህ ስለተከፈለ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው በጥር 2016 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ፣ በአንድ ወገን አገር ውስጥ ያለው ያገለገለ ቤንዚን መኪና አለ፣ በሌላ ወገን አዲስ የሚገባው ኤሌክትሪክ። ብዙ ወጣት ገዢ የሚዋልለው በእነዚህ መሀል ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱን እንይ። የኮሮላው ሞተር ወደ 140 ፈረስ ጉልበት አለው፤ መኪናው 1,300 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በኋላ ጎማ የሚነዳው አይዲ 4 ደግሞ 204 ፈረስ ጉልበት አለው፤ ክብደቱ ግን 2,100 ኪሎ አካባቢ ነው። ትልቁ ባትሪ ብቻውን ከአራት ኩንታል በላይ ነው። አሁን ጉልበቱን ለክብደቱ አካፍሉት። ኮሮላው ለአንድ ቶን 108 ፈረስ ይደርሰዋል፣ አይዲ 4 ደግሞ 97። ማለትም ሁለቱም ጅቡቲ ወደብ ላይ ቆመው ቢሆን ኖሮ ኮሮላው በወረቀት ትንሽ በለጥ ይል ነበር።

እሺ፣ አሁን ወደ ላይ እንውጣ።

ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ከባህር ጠለሉ 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ቤንዚን ሞተር ነዳጅ ብቻ አይደለም የሚበላው፣ አየርም ይተነፍሳል። በአንድ ትንፋሽ የሚያስገባው አየር ሲሳሳ የመኪናው ኮምፒዩተር ነዳጁንም አብሮ ይቀንሳል፤ አለዚያ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ የኮሮላው 140 ፈረስ ደብረ ብርሃን ላይ ወደ 100 ይወርዳል። ከአዋሽ ቆላ ተነስቶ ጣርማ በር ላይ ልሩጥ ያለ ሰው የሚገጥመው ነገር ነው። ሞተሩ አልታመመም፣ ጋራዥም አያድነውም፤ በቃ አየር የለም።

የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አይተነፍስም። ጉልበቱን ከባትሪ ነው የሚያገኘው። 204ቱ ፈረስ ጅቡቲም ደብረ ብርሃንም ያው 204 ነው። አሁን እንደገና አካፍሉት፦ ኮሮላው ለአንድ ቶን 77፣ አይዲ 4 ግን እዚያው 97 ላይ ነው። ደረጃው ተገለበጠ ማለት ነው። ኮሮላው 1.6 ከሆነ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል።

ይህን ዓለም በአደባባይ ያየበት ውድድር አለ። አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ፓይክስ ፒክ በሚባል ተራራ ላይ በየዓመቱ የዳገት ውድድር ይካሄዳል። መነሻው 2,862 ሜትር ላይ ነው። አያችሁ? የእነሱ ታዋቂ ተራራ ውድድር የሚጀምረው እኛ ቡና የምንጠጣበት ከፍታ ላይ ነው። መድረሻው 4,302 ሜትር ሲሆን በ20 ኪሎ ሜትር ውስጥ 156 ኩርባ አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 ፈረንሳዊው ሴባስቲያን ሎብ 875 ፈረስ ጉልበት ባለው ቱርቦ ፔጆ በ8 ደቂቃ ከ13 ሰከንድ ገባ። በ2018 ደግሞ ሮማን ዱማ ፎልክስዋገን በሠራው አይዲ አር በሚባል ኤሌክትሪክ መኪና በ7 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ ጨረሰው። የዱማ መኪና 680 ፈረስ ብቻ ነበረው። በወረቀት የሚያንሰው መኪና በተራራው ላይ በለጠ። የቅርጹና የጎማው ድርሻ እንዳለ ሆኖ፣ ከፍታ ጉልበቱን አለመንካቱ ትልቅ ነገር ነው።

ቱርቦስ? የምትሉ አላችሁ። ቱርቦ ሳሳ ያለውን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ ከፍታን በደንብ ይቋቋማል። ቱርቦ ናፍጣ ያላቸው ሃይሉክስና ላንድክሩዘር እዚህ አካባቢ የማይደክሙት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። የኛ ኮሮላ ግን ቱርቦ የለውም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ፈረስ ጉልበት በተግባር ምን ይጠቅማል? ጥቅሙ የሚታየው ሸኖንና ጫጫን አልፋችሁ፣ ዳገት ላይ የሚያቃስት ሲኖትራክ ኋላ ስትደርሱ ነው። ኮሮላው መጀመሪያ ማርሽ ይቀንሳል፣ ይጮሃል፣ ከዚያ ነው መሄድ የሚጀምረው። አይዲ 4 መስጫውን ስትረግጡት ወዲያው ይሄዳል። በተቃራኒ መስመር ላይ የምትቆዩበት ጊዜ ያጥራል። ለእኛ በዚህ መንገድ ላይ ትርጉም ያለው ፍጥነት ይሄ ነው እንጂ ቀጥ ባለው ሜዳ ላይ 160 መንዳት አይደለም። ፓይክስ ፒክ ላይ መንገዱ ተዘግቶ፣ አምቡላንስ ቆሞ ነው የሚሮጠው። አንኮበር መንገድ ላይ ግን በግ አለ፣ የገብስ ጭነት የያዘ አህያ አለ፣ ጭላዳ መንጋውን ይዞ ያቋርጣል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ጉሙ የራሳችሁን ኮፈን ጫፍ አያሳያችሁም።

አሁን ለኤሌክትሪኩ የማይመቸውን እንናገር፤ ብርዱን። ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር የሌሊት ውርጯን የማያውቅ የለም። የቀዘቀዘ ባትሪ ጉልበቱን ሙሉ አይሰጥም፣ ቻርጅም ቀስ ብሎ ነው የሚቀበለው። ማሞቂያውም የሚሠራው ከዚያው ባትሪ ነው። ኮሮላው በዚህ ይበልጣል፤ የሞተሩ ሙቀት ለማንኛውም የሚባክን ስለሆነ ማሞቂያው በነፃ ነው። በቻይና መለኪያ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል የተባለውን ትልቁን ባትሪ እናንተ ከ350 እስከ 400 ብላችሁ ያዙት። አነስተኛ ባትሪ ያለው አይዲ 4 ም ስላለ፣ ስትገዙ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። በውጭ ተመሳሳይ ነው የሚመስሉት።

ይህ ለአዲስ አበባ መንገድ ይበቃል ወይ? 130 ኪሎ ሜትር ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 17 ወይም 18 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል ብንል፣ ወደ 23 ይሆናል። ከአዲስ አበባ ስትመለሱ በተጣራ ወደ 500 ሜትር ገደማ ትወጣላችሁ፤ አራት ሰው የያዘውን መኪና ለማንሳት 3 ወይም 4 ኪሎዋት ሰዓት ይጨመራል። ስትወርዱ ደግሞ ያን ያህል ይቀንሳል። ደርሶ መልሱ 46 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው፤ ከትልቁ ባትሪ ጥሩ ትርፍ ይቀራል። ኮሮላው በዚሁ መንገድ ወደ 21 ሊትር ቤንዚን ይፈልጋል። የዛሬውን የሊትርና የኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ራሳችሁ አባዙበት፤ ነዳጅ ማደያ ተሰልፋችሁ የምታጠፉትን ሰዓትም አትርሱ።

በሸዋሮቢት በኩል ግን ሂሳቡ ይለያል። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቆፈረውን ዋሻ አልፋችሁ 45 ኪሎ ሜትር ባልሞላ መንገድ ከ1,700 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። ስትመለሱ አይዲ 4 ክብደቱን ለማንሳት ብቻ ከ10 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይበላል። «ስወርድ 60 በመቶ ነበረ፣ ያደርሰኛል» ብሎ የሚመለስ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ቁልቁለቱን ጠለቅ ብለን እንየው፤ የሰው ሕይወት ያለው እዚያ ነው። አራት ሰው የያዘ ኮሮላ ከጣርማ በር እስከ ሸዋሮቢት ሲወርድ፣ በአየርና በጎማ ሰበቃ ከሚያልቀው የተረፈው ጉልበት እንኳ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚያወጣውን ሙቀት ያህላል። ያን ሁሉ በፍሬን ብቻ ልያዝ ካላችሁ እንጀራ የሚጋገረው ፍሬን ሸራችሁ ላይ ነው። ሸራው ሲግል መያዝ ይቀንሳል። ያረጀ ፍሬን ዘይት ውስጥ ያለው ውሃ ደግሞ ይፈላና ፔዳሉ እስከ ወለል ይወርዳል። ለዚህ ነው የድሮ ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት። አውቶማቲክ ኮሮላም ቢሆን ዝቅተኛ ማርሽ የሚይዝበት ቦታ አለው፤ ዲ ላይ ትቶ ፍሬን እየረገጡ መውረድ የለም።

አይዲ 4 ሲወርድ ሞተሩ ተገልብጦ ጄኔሬተር ይሆናል፤ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ማርሹን ቢ ላይ አድርጉት። 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀቀው ጉልበት 6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ግማሹ ቢመለስ እንኳ ወደ 17 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። ፍሬኑም ቀዝቃዛ እንደሆነ ይደርሳል።

ግን አንድ ወጥመድ አለ፣ ለእኛ ለደጋዎቹ በተለይ። የሞላ ባትሪ ተጨማሪ አይቀበልም። ሌሊቱን 100 በመቶ ሞልታችሁ በማለዳ ብርድ ቁልቁለት ከጀመራችሁ፣ ትናንት መኪናውን ይይዝ የነበረው ሞተር ዛሬ አይይዝም፤ ከሁለት ቶን በላይ የሆነው ክብደት በሙሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። የአይዲ 4 የኋላ ፍሬን ደግሞ ዲስክ ሳይሆን ከበሮ ነው። ስለዚህ ወደ አንኮበር ወይም ወደ ጣርማ በር በምትሄዱበት ቀን 80 በመቶ ላይ አቁሙት። የሚወርድ ሰው ሙሉ ባትሪ አያስፈልገውም።

አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለሁለቱም መኪና ደርሶ መልሱ ቀላል ነው። የሸዋ ነገሥታት ያን አምባ መናገሻ ያደረጉት ጠላት በቀላሉ እንዳይወጣው ነበርና መኪናም ሲለምነው አይሰማም። ከዋናው መንገድ ወጥታችሁ ኮሮኮንች ውስጥ የምትገቡ ከሆነ ግን አስቡበት። ኮሮላ ከሥሩ ድንጋይ ቢመታው የዘይት ጋን ይጠገናል። የአይዲ 4 ባትሪ ወለሉ ሥር ተዘርግቶ ነው ያለው፤ የእሱ ጥገና ሌላ ታሪክ ነው። መንገዱ ሰላምና ክፍት መሆኑን ሳትጠይቁም አትውጡ፤ ተዘግቶ ወደ ኋላ ብትመለሱ ባትሪው የሚበቃ መሆን አለበት።

ወደ ውሳኔው ስንመጣ፣ በእኛ እምነት የሚወስነው ፈረስ ጉልበቱ አይደለም። ቆጣሪው ነው። በ220 ቮልትና በ10 አምፔር የቤት ሶኬት በአንድ ሰዓት 2.2 ኪሎዋት ሰዓት ይገባል፤ በአሥር ሰዓት 22። ይህ ምጣድ ከሚስበው ያንሳል፤ ግን ምጣዱ እንጀራው ሲያልቅ ይጠፋል፣ መኪናው ሌሊቱን ሙሉ ይስባል። ቀጭን ሽቦና የሱቅ ኤክስቴንሽን ይህን አይችሉም፣ ይቀልጣሉ። ለብቻው ወፍራም መስመርና መሬት ሽቦ ያስፈልጋል። የራሳችሁ ግቢና የራሳችሁ ቆጣሪ ካላችሁ አይዲ 4ን ውሰዱ። ለደብረ ብርሃን ከፍታ የሚመቸው እሱ ነው፤ ዳገት ላይም ቁልቁለት ላይም። ተከራይ ከሆናችሁ፣ አከራያችሁም ለካውያ የሚጨቃጨቁ ዓይነት ከሆኑ ኮሮላውን ያዙ። ከሸዋሮቢት አልፋችሁ ደሴ የምትመላለሱ ከሆነም እንደዚያው፤ ቻርጅ ማድረጊያ ቢገኝ እንኳ ሶኬቱ ይገጥም አይገጥም ሌላ ጥያቄ ነው፣ የቻይናው ከአውሮፓው ጋር አይገጥምምና። ኮሮላን ፈትቶ የማይገጥም መካኒክ ደግሞ የትም የለም።

የቱንም ብትመርጡ አዲስ አበባ ሜዳ ላይ ሞክራችሁ ብር አትክፈሉ። ሻጩ ከፈቀደ እንጦጦን ውጡበት፣ ሰው ጭናችሁ። አይዲ 4 ከሆነ የባትሪውን ጤንነት በመሣሪያ አስነብቡ፤ ስክሪኑ በቻይንኛ ከሆነም ቢ የት እንደሆነ፣ ቻርጁን 80 ላይ ማቆሚያው የት እንደሆነ እዚያው ያሳዩአችሁ። ኮሮላ ከሆነ ፍሬን ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ጠይቁ። ወርዳችሁ ስትቆሙ ደግሞ ፊት ጎማው አጠገብ ጎንበስ ብላችሁ አሽትቱ። የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ጎማው ይፈታ።