ያውቁ ኖሯል? ደስታ ከየት ይመጣል?

ያውቁ ኖሯል? የአሜሪካው ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1938 የጀመሩት የሰው ሕይወት ጥናት ከ80 ዓመት በላይ ዘልቋል። 268 የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎችና በቦስተን ድሃ ሰፈሮች ያደጉ 456 ልጆች፣ በድምሩ 724 ወንዶች፣ ስለ ትዳራቸው፣ ስለ ሥራቸውና ስለ ጤናቸው እየተጠየቁ አረጁ። በኋላ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የሆኑት ጆን ኤፍ ኬኔዲም ከተማሪዎቹ አንዱ ነበሩ። ሰዎቹ 80 ዓመት ሲደርሱ ተመራማሪዎቹ የድሮውን መዝገብ አገላበጡ። በ80 ዓመቱ ማን ጤነኛ እንደሚሆን በ50 ዓመቱ የጠቆመው የኮሌስትሮል መጠን አልነበረም፤ ሰውየው ከቅርብ ሰዎቹ ጋር ባለው ግንኙነት መርካቱ ነበር።

ከዚሁ ጥናት የወጣ፣ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ሌላ ግኝት አለ። «ክፉ ቀን ቢመጣ ከጎኔ አይለይም» ብለው በትዳር አጋራቸው የሚተማመኑ አዛውንቶች የማስታወስ ችሎታቸው ብዙ ሳይደክም ቆይቷል። ከእነርሱ መካከል በየቀኑ የሚነታረኩም ነበሩ! ጠብ ያልሰማንበትን ቤት ሁሉ ደስተኛ ነው ብለን የምንፈርድ ሰዎች ይህን ልናውቀው ይገባል።

ያውቁ ኖሯል? እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣ ጥናት በአሜሪካ ኢሊኖይ ሎተሪ የደረሳቸው 22 ሰዎች ተጠይቀው ነበር። ቁርስ መብላት፣ ከወዳጅ ጋር ማውራት፣ ቀልድ መስማት የሚሰጣቸው ደስታ ሎተሪ ካልደረሳቸው ሰዎች ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ጥናት በአደጋ ሰውነታቸው ሽባ የሆነ ሰዎችም ተካተዋል። ከሌሎቹ ያነሰ ደስታ እንዳላቸው ቢናገሩም መልሳቸው ከመለኪያው አጋማሽ በላይ ነበር።

ያውቁ ኖሯል? በካናዳ ቫንኩቨር 46 ሰዎች ጠዋት 5 ወይም 20 ዶላር ተሰጥቷቸው እስከ ማምሻው እንዲያወጡት ተነገራቸው፤ ግማሾቹ ለራሳቸው፣ ግማሾቹ ለሌላ ሰው። ሲመሽ ይበልጥ ደስ ብሏቸው የተገኙት ለሌላ ሰው ያወጡት ናቸው። የገንዘቡ መጠን ለውጥ አላመጣም። ውጤቱን ቀድመው እንዲገምቱ የተጠየቁ ሌሎች ሰዎች ግን አብዛኞቹ ተሳስተዋል። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው።

ገንዘብ አይጠቅምም ማለት ግን አይደለም፤ የቤት ኪራይ ያስጨነቀውን ሰው እንዲህ ብሎ ማጽናናት ግፍ ነው። የኖቤል ተሸላሚው ዳንኤል ካንማን የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት በአሜሪካ የብዙ ሰው ደስታ ከገቢው ጋር እያደገ እንደሚሄድ አሳይቷል። እጅግ ደስታ ለራቃቸው ሰዎች ግን ገቢ በዓመት ወደ 100,000 ዶላር ከደረሰ በኋላ ጭማሪው ያን ያህል አይረዳቸውም። የሚወዱትን ሰው በሞት ማጣት የመሰለ ሐዘን በደመወዝ አይሽርምና።

ያውቁ ኖሯል? 2,250 ሰዎችን በስልካቸው የጠየቀ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ከነቃንበት ጊዜ 47 በመቶ ያህሉን ሐሳባችን ሌላ ቦታ ነው። ሐሳባቸው የሸሸ ሰዎች ደስታቸውም ቀንሶ ተገኝቷል።

ያውቁ ኖሯል? መጋቢት 11 (ማርች 20) የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሰየመው ዓለም አቀፍ የደስታ ቀን ነው። ሐሳቡን ያመነጨችው የሕዝቧን ደስታ በሕገ መንግሥቷ ያሰፈረችው ቡታን ናት።

ያውቁ ኖሯል? በቺካጎ ባቡር ተሳፋሪዎች ከማያውቁት ሰው ጋር እንዲያወሩ ሲጠየቁ፣ ዝም ብለው ከተጓዙት ይልቅ ጉዟቸው አስደስቷቸዋል። ሌሎች ተሳፋሪዎች የገመቱት ተቃራኒውን ነበር።