የጥርስ ሕመምና የቡና ወቅት፦ በጅማና በአካባቢዋ ስላለው የመንግሥት የጥርስ ሕክምና



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። በጎማ፣ በሊሙ ኮሳ ወይም በጌራ ወረዳ የሚኖር አንድ ቡና አምራች ጥርሱን ቢያመው፣ ሕመሙ በጀመረበት ዕለትና በሕክምና ወንበር ላይ በሚቀመጥበት ዕለት መካከል ምን ያጋጥመዋል? የመንግሥት የጥርስ ሕክምና ተደራሽነትም ሆነ ጥራት በዋነኛነት የሚታየው በዚህ መካከል ነው ብዬ አምናለሁ። የወንበሮች ቁጥር ብቻውን ብዙ አይነግረንም።

አስቀድሜ ስለ በሽታው ጥቂት ልበል። ጥርስ የሚቦረቦረው በአፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳርን ወደ አሲድ ሲለውጡና አሲዱ የጥርሱን ጠንካራ ሽፋን ቀስ በቀስ ሲያሟሟው ነው። ቡናችንን ያለ ኃጢአቱ የሚከስሱ አሉ፤ ቡና የጥርስን መልክ ያጠቁር ይሆናል እንጂ ጥርስን አይቦረቡርም። በገጠር ዛሬም በጨው የሚጠጣው ቡና ለጥርስ ጠላት አይደለም። ጠላቱ ወደ ሲኒው የሚጨመረው ስኳር፣ በጫት መካከልም የሚደጋገመው ጣፋጭ ሻይና ለስላሳ መጠጥ ነው። የወይራና የልምጭ መፋቂያ በአግባቡ ከተፋቁበት ጥርስን ያጸዳሉ፤ ነገር ግን ፍሎራይድ እንዳለው የጥርስ ሳሙና የሳሳውን ሽፋን መልሰው አያጠነክሩም።

የችግሩ ሁሉ ቋጠሮ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ጉድጓዱ ትንሽ ሳለ አያምም። ጥርሱን በቀላሉ መሙላት በሚቻልበት ጊዜ በሽተኛው ጤነኛ ነው፤ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣው ሕመም ሲመጣ ቁስሉ ነርቩ ጋ ደርሷል። ከዚያ በኋላ ያሉት መንገዶች ሁለት ናቸው፤ የጥርስ ሥር ሕክምና ወይም መንቀል። የሥር ሕክምና ራጅ፣ ልዩ መሣሪያና ብዙውን ጊዜ ከአንድ በላይ ቀጠሮ ይጠይቃል።

ወደ ገበሬያችን እንመለስ። ሕመሙ የጀመረው በኅዳር፣ የቀላው ቡና ከዛፉ ላይ በሚጠብቅበት ወር ነው እንበል። ቤተሰቡ ሁሉ በለቀማ ላይ ነው፤ አንድ ቀን መቅረት ገቢ ማጣት ነው። አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከገጠር ቀበሌ እስከ አጋሮ ያለው መንገድ ደግሞ ብቻውን ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ሁለትና ሦስት ቀጠሮ ማለት ሁለትና ሦስት የትራንስፖርት ሒሳብ፣ ሁለትና ሦስት የጠፋ የሥራ ቀን ነው። እንግዲህ ይህ ሰው «ንቀሉልኝ» ቢል ሐኪሙ ባልተማረ ሰው ውሳኔ ሊያዝን አይገባም። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ያጠበበው ሥርዓቱ ነው።

ብዙዎች ደግሞ ከዚህም አስቀድመው ከመድኃኒት መደብር ማስታገሻና አንቲባዮቲክ ይገዛሉ። ሕመሙ ይበርዳል፤ የኢንፌክሽኑ ምንጭ ግን በቦታው ነው። መግሉ ወደ መንጋጋ ሥርና ወደ አንገት ከተዛመተ እብጠቱ የአየር ቧንቧን ሊዘጋ ይችላል። ሰው በጥርስ ሕመም ይሞታል፤ ይህን ሳላለዝብ መናገር አለብኝ።

በአገራችን የጤና አደረጃጀት አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000፣ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቧል። የጥርስ ክፍል ግን በገጠር ጤና ጣቢያ ማግኘት ብርቅ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም 16 ፓኬጆች ነበሩት፤ የአፍ ጤና ራሱን የቻለ ፓኬጅ ሆኖ አልገባበትም። ስለዚህ በደጃፉ ስለ ክትባትና ስለ መጸዳጃ ቤት የተመከረ ቤተሰብ ስለ ልጁ ጥርስ የሚመክረው ብዙ ጊዜ አያገኝም፤ «ግግ» እያሉ የሕፃናትን ድድ የሚቧጥጡት ግን ከደጃፉ አይርቁም። የዚህ ልማድ ዳፋ ከሥር ያለውን ቋሚ ጥርስ ጭምር ያበላሻል።

መድኑስ? የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ሊሙ ኮሳ ከመካከላቸው ነበረች፤ ዞናችን በዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለም። መዋጮ ከምርት በኋላ፣ በእጅ ገንዘብ ሲኖር መሰብሰቡም ለቡና አገር የተስማማ ዘዴ ነው። ሆኖም የአባልነት መታወቂያ የሚጠቅመው ውል በተገባበት ተቋም ባለው አገልግሎት ልክ ነው። ጤና ጣቢያው የጥርስ አገልግሎት ከሌለው የሚሰጠው ሪፈራል ነው፤ ሪፈራሉም የመኪና ዋጋ አይከፍልም። ከዚህ የከፋው፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ከጥቅሙ ማዕቀፍ ውጭ መሆኑ ነው። መድኑ ጥርስ ሲነቀል ሊከፍል ይችላል፤ የተነቀለውን ለመተካት ግን አይከፍልም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሙሉ የጥርስ ክሊኒክ በየጤና ጣቢያው እስኪከፈት መጠበቅ አያስፈልግም። በ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በታንዛኒያ የተጀመረ ዘዴ አለ፤ የበሰበሰው ክፍል ያለ ኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ በእጅ መሣሪያ ተጠርጎ ግላስ አዮኖመር በተባለ ማጣበቂያ ይሞላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ይህን መሙያ፣ የፍሎራይድ የጥርስ ሳሙናንና መቦርቦርን የሚያስቆመውን ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቷል። የመጨረሻው የተበላውን ቦታ ያጠቁራል፤ ለወላጆች አስቀድሞ መነገር አለበት።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህ ለገጠር ሕዝብ ሁለተኛ ደረጃ ሕክምና መስጠት ነው ይላሉ። ስጋታቸውን አከብራለሁ፤ የመሣሪያ ንጽህና ካልተጠበቀ፣ ክትትልም ከሌለ ትክክል ናቸው። ነገር ግን በጎማ ያለው ምርጫ በዚህና በዘመናዊ ክሊኒክ መካከል አይደለም። በዚህና በመንቀል መካከል ነው።

ዩኒቨርሲቲያችን ተማሪዎቹን አጋሮንና አሰንዳቦን ወደመሳሰሉ ከተሞች ለማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ሲያሰማራ ኖሯል። የሚቀጥለው ምድብ ከመሄዱ በፊት አንድ ሥራ እንዲሰጠው ሐሳብ አቀርባለሁ፦ በየደረሰበት ሆስፒታል የጥርስ ክፍል መዝገብ ላይ በዓመቱ ስንት ጥርስ እንደተነቀለና ስንት እንደተሞላ፣ በየወሩ ለይቶ ይቁጠር። የኅዳርና የታኅሣሥ ቁጥር ከሐምሌው ጋር ሲነጻጸር የቡናው ወቅት ሕሙማንን ያስቀር እንደሆነ እናያለን፤ የመንቀልና የመሙላት ንጽጽርም ለዞን ጤና ጽሕፈት ቤት በጀት ጥያቄ መነሻ ይሆናል።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።