ፕራይስ ኦፍ ላቭ (ፊልም)

«ፕራይስ ኦፍ ላቭ» (ትርጉሙ «የፍቅር ዋጋ») እ.ኤ.አ. በ2015 ለዓለም አቀፍ ዕይታ የበቃ፣ በአማርኛ የተሠራ የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ደራሲዋና አዘጋጇ ሄርሞን ኃይላይ ናት። ዋና ተዋንያኑ እስክንድር ታምሩ (ቴዲ) እና ፍረወይኒ ገብረገርግስ (ፍሬ) ሲሆኑ፣ ታሪኩ የሚፈጸመው በአዲስ አበባ ነው። ፊልሙ የአንድ ታክሲ ነጂና የአንዲት ሴተኛ አዳሪን ፍቅር ይተርካል። በዘውግ ደረጃ የፍቅር ፊልም ቢሆንም በሀገር ውስጥ ከተለመዱት አስቂኝ የፍቅር ፊልሞች በእጅጉ የጨለመ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በዋጋዱጉ በተካሄደው የፌስፓኮ ፌስቲቫል የአውሮፓ ኅብረትን ሽልማት አግኝቷል።

ታሪኩ

ቴዲ ታክሲ እየነዳ የሚተዳደር ወጣት ነው። እናቱ ሴተኛ አዳሪ የነበረች ሲሆን በሕይወት የለችም። እሱም ከሱስ ወጥቶ በአንድ ቄስ እርዳታ ሕይወቱን እንደ አዲስ ለመጀመር የሚጥር ሰው ነው። ታክሲው ሥራው ብቻ ሳይሆን ካለፈው ሕይወቱ የሚሸሽበት መንገድም ነው።

ቴዲ ፍሬ ከቀድሞ ፍቅረኛዋ ከማርቆስ ጋር በተጣላችበት ጉዳይ ጣልቃ ይገባና ታክሲው ይሰረቃል። መኪናውን ለማግኘት ፍሬ ታስፈልገዋለች፤ እሷም ብትሆን ከገባችበት ችግር ብቻዋን መውጣት አትችልም። ስለዚህ ሁለቱን መጀመሪያ ያገናኛቸው መዋደድ ሳይሆን ኪሳራ ነው። ፍለጋው እየረዘመ ሲሄድ መቀራረባቸው ወደ ፍቅር ይለወጣል። ሆኖም ቴዲ በፍሬ ውስጥ የሚያየው ሊረሳው የሚፈልገውን የእናቱን ሕይወት ነው፤ ፍሬም ገላዋን ከስሜቷ ለይታ መኖርን የተማረች ሴት ናት። ሁለቱም ልባቸውን ለመክፈት የሚፈሩበት ምክንያት ስላላቸው ፍቅራቸው ጥርጣሬና ዝምታ የበዛበት ነው።

የርእሱ ትርጉም

በአማርኛ «ዋጋ» የሚለው ቃል ቢያንስ በሦስት መንገድ ያገለግላል። አንደኛው የገበያ ዋጋ ነው። ሁለተኛው «ዋጋ መክፈል» በሚለው አነጋገር የሚገኘው የመሥዋዕትነት ትርጉም ነው። ሦስተኛው ደግሞ ሰውን «ዋጋ ያለው» ወይም «ዋጋ ቢስ» የሚያሰኘው የክብር መለኪያ ነው። የፊልሙ ታሪክ ሦስቱንም ይነካል። ፍሬ በገንዘብ የምትተመን ሴት ተደርጋ ትታያለች፤ ቴዲ እሷን በማስጣሉ መተዳደሪያውን ይከፍላል፤ በመጨረሻም ጥያቄው ሁለቱ አንዳቸው ለሌላቸው፣ እንዲሁም ለራሳቸው ምን ያህል ክብር ይሰጣሉ የሚል ይሆናል።

አዘጋጇ

ሄርሞን ኃይላይ ከዚህ ፊልም በፊት «ባላገሩ» እና «ያልታሰበ» የተባሉ ፊልሞችን ሠርታለች። የመጀመሪያው አስቂኝ የፍቅር ፊልም ሲሆን ሁለተኛው የወንጀል ድራማ ነው። «ፕራይስ ኦፍ ላቭ» በአንድ በኩል ከፍቅር ፊልም፣ በሌላ በኩል ከወንጀል ታሪክ የሚወስደው አለ፤ የተሰረቀው ታክሲ ፍለጋ ታሪኩን ወደፊት ይገፋል፣ የሁለቱ ሰዎች መቀራረብ ደግሞ ክብደት ይሰጠዋል።

አዘጋጇ ያደገችው በአዲስ አበባ ለሴተኛ አዳሪዎች ቅርብ በሆነ አካባቢ እንደሆነ፣ እነሱንም እንደ እናት፣ እንደ እኅትና እንደ ጓደኛ እያየች እንዳደገች ገልጻለች። ፍሬ በፊልሙ ውስጥ የማስጠንቀቂያ ምሳሌ ወይም የመሳቂያ ገጸ ባሕርይ ሳትሆን ሙሉ ሰው ሆና የቀረበችው ከዚህ አመለካከት የተነሣ ነው።

ማኅበራዊ መነሻ

የፊልሙን ታሪክ ለመረዳት የሚጠቅሙ ሦስት እውነታዎች አሉ።

የመጀመሪያው የታክሲ ሥራ ነው። በአዲስ አበባ ብዙ ታክሲ ነጂዎች የመኪናው ባለቤት አይደሉም፤ ለባለቤቱ በየቀኑ የተስማሙበትን ገንዘብ አስገብተው የተረፈውን ለራሳቸው ያስቀራሉ። መኪና ሲጠፋ የሚቆመው የነጂው ገቢ ብቻ አይደለም፤ ያመነው ሰው ፊትም ዕዳ ይሆንበታል።

ሁለተኛው ሕጉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ትኩረቱ በሌላ ሰው ገላ በሚነግደው ላይ ነው። አንቀጽ 634 በሌላው የዝሙት ተግባር መጠቀምን ሙያው ያደረገን ሰው ይቀጣል። በተግባር ግን ሴተኛ አዳሪዎች ለድብደባና ለዝርፊያ የተጋለጡ ናቸው፤ ማኅበረሰቡ ስለሚያገልላቸው ብዙዎቹ የደረሰባቸውን በደል አያመለክቱም።

ሦስተኛው ስደት ነው። ታሪኩ ወጣት ሴቶችን ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የመላክን ንግድም ይነካል። ፊልሙ በወጣበት ወቅት ጉዳዩ በሀገሪቱ ትኩስ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2013 መንግሥት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረግ የሥራ ስምሪትን አገደ። ከኅዳር ወር ጀምሮ ደግሞ ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን መለሰች። እ.ኤ.አ. በ2015 በሰው የመነገድ ወንጀልን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 909 ወጣ፤ የሥራ ስምሪት እገዳው የተነሣው በ2018 ነው። እገዳው በሥራ ላይ በነበረበት ጊዜም በደላሎች በኩል የሚደረገው ጉዞ አልቆመም።

በአማርኛ ፊልሞች መካከል ያለው ቦታ

የኢትዮጵያ የንግድ ፊልም ሥራ ያደገው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዲጂታል ካሜራ ወጪውን ከቀነሰ በኋላ ነው። ፊልሞቹ የሚሠሩት በአብዛኛው ያለ መንግሥት ድጎማ፣ በግል ገንዘብ ሲሆን ወጪያቸውን የሚመልሱት ከሲኒማ ቤት ትኬት ነው። በመሆኑም አዘጋጆች ተመልካችን በቶሎ የሚስበውን አስቂኝ የፍቅር ፊልም ማዘውተራቸው የሚገርም አይደለም። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ፍቅረኞችን የሚለያያቸው ብዙ ጊዜ የሀብት ልዩነት፣ የቤተሰብ ተቃውሞ ወይም የተደበቀ ማንነት ነው፤ እንቅፋቱ ሲወገድ ጥንዶቹ ይገናኛሉ።

በ«ፕራይስ ኦፍ ላቭ» እንቅፋቱ ከውጭ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ማርቆስ ቢሸነፍና ታክሲው ቢገኝ እንኳ ቴዲ ከእናቱ ትዝታ፣ ፍሬም ሰውን ካለማመን ልማዷ ጋር የሚኖራቸው ትግል ይቀራል።

ዕይታና ሽልማት

ፊልሙ የታየበት ፌስፓኮ እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተና በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ የሚካሄድ የአፍሪካ ፊልሞች ፌስቲቫል ነው። የ2015ቱ ዝግጅት 24ኛው ሲሆን፣ በዲጂታል የተሠሩ ፊልሞች ለዋናው ሽልማት እንዲወዳደሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈቀደው በዚሁ ዓመት ነው። ከዚያ በፊት የ35 ሚሊ ሜትር ቅጂ ይጠየቅ ስለነበር፣ በዲጂታል ካሜራ ለሚሠሩ የኢትዮጵያ አዘጋጆች በሩ ጠባብ ነበር። ከዚህ በኋላ ፊልሙ በዚያው ዓመት በካናዳ በቶሮንቶ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ታይቷል።

ወቅቱ የኢትዮጵያ ፊልሞች በውጭ ሀገር በብዛት መታየት የጀመሩበት ነበር። የዘረሰናይ ብርሃነ መሓሪ «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት ሲያገኝ፣ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆኗል። ከእነሱ በፊት የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2009 የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት ወስዷል። «ድፍረት» በጠለፋ ጋብቻ፣ «ላምብ» በገጠር ሕይወት ላይ ሲያተኩሩ፣ «ፕራይስ ኦፍ ላቭ» የዘመኑን ከተማና በመንገዶቿ ላይ እንጀራቸውን የሚፈልጉ ሰዎችን የፍቅር ታሪክ በማቅረቡ ከሁለቱ ይለያል።