ቀስ ያለ የባቡር ጉዞ ወደ ይፋት፤ ግማሹ በሐዲድ፣ ግማሹ በጎማ

ጀርመን የሚኖረው የእህቴ ልጅ ባለፈው ዓመት ሚስቱን ይዞ ፕራግን፣ ቪየናንና ቡዳፔስትን በባቡር ዞረ፡፡ ሦስት ከተማ ለማየት አሥር ቀን ፈጀባቸው፡፡ በአንድ ከተማ ሦስት ሌሊት ያድራሉ፤ የሚጓዙት በቀን ብርሃን ብቻ ነው፤ ባቡር ላይ በአንድ ቀን ከአራትና ከአምስት ሰዓት በላይ አይቀመጡም፡፡ ሲመለስ ደወለልኝና "ጋሼ፣ እንዲህ ያለውን ጉዞ አገር ቤት ማድረግ ይቻላል ወይ? በጥር ልጆቹን ይዘን ልንመጣ አስበናል" አለኝ፡፡

ይቻላልም አይቻልምም አላልኩት፡፡ ካርታ ዘርግቼ ቁጭ አልኩ፡፡ ያገኘሁትን ለእሱ ብቻ ከምጽፍለት እዚህም ላውጣው ብያለሁ፡፡ ከእናንተ መካከል በዓመት አንዴ እረፍት ወጥቶ ቢሾፍቱ ወይም ሐዋሳ ደርሶ የሚመለስ ብዙ እንደሆነ አውቃለሁና፡፡

በመጀመሪያ የወቅቱን ነገር እናጥራ፡፡ ፈረንጅ "የክረምት ጉዞ" የሚለው ታኅሣሥን፣ ጥርንና የካቲትን ነው፡፡ ለእኛ እነዚህ የበጋ ወራት ናቸው፡፡ ለቆላ ጉዞ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም፡፡ ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ነች፡፡ ግንቦትና ሰኔ ላይ የሄደ ሰው ከጥላ ጥላ ሲሸሽ ይውላል፡፡ ጥር ላይ ግን ማለዳውና ምሽቱ ለስለስ ያለ፣ ቀኑም የሚቻል ነው፡፡ መኸሩ ተሰብስቧል፤ የመስኖው ሽንኩርትና ቲማቲም በማሳ ላይ ነው፡፡ ገናና ጥምቀትም በዚሁ ወቅት ውስጥ ይውላሉ፡፡

አሁን ወደ ባቡሩ እንምጣ፡፡ ዛሬ መንገደኛ የሚጭነው መስመር የአዲስ አበባ ጅቡቲው ነው፡፡ በመስከረም 2009 ተመርቆ በታኅሣሥ 2010 ሥራ የጀመረው ይህ መስመር 750 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በኤሌክትሪክ ይሠራል፡፡ ጉዞው የሚጀመረው ከለገሃር ሳይሆን ከከተማው ዳር ከፉሪ ለቡ ነው፡፡ (ለገሃር የሚለው ስም ራሱ ከፈረንሳይኛው "ላ ጋር" የመጣ፣ ትርጉሙም "ጣቢያው" ማለት ነው፤ አሁን ባቡር የማይነሳበት "ጣቢያው" ሆኖ ቀርቷል፡፡) አዳማን፣ መተሐራን፣ አዋሽን፣ ሚኤሶን እያለ ድሬዳዋ ይደርሳል፡፡

የድሮው ባቡር ታሪክ ለሕግ ሰው የሚጣፍጥ ነገር አለው፡፡ አጼ ምኒልክ በ1894 እ.ኤ.አ. ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ ላይ መስመሩ በሦስት ተከፍሎ ተጽፏል፤ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ፡፡ ሐዲዱ ግን የሐረርን ተራራ መውጣት ከበደውና በ1902 እ.ኤ.አ. ከሥር ሜዳው ላይ ቆመ፤ ድሬዳዋም ተወለደች፡፡ አዲስ አበባ የገባው በ1917 እ.ኤ.አ. ሲሆን ነጭ ዓባይን እስከ ዛሬ አላየውም፡፡ ከወረቀቱ ላይ የቀረ መስመር በአገራችን አዲስ ነገር እንዳልሆነ ልብ በሉልኝ፤ ወደኋላ እመለስበታለሁ፡፡

ለዝግተኛ መንገደኛ የመጀመሪያው ሳምንት እንግዲህ ይህን ይመስላል፡፡ ከፉሪ ለቡ ማልዶ መነሳት፤ ድሬዳዋ ሁለት ሌሊት ማደር፤ ከዚያ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ሽቅብ ወጥቶ ሐረር ሦስት ሌሊት መሰንበት፡፡ ባቡሩ በየቀኑ ላይሄድ ይችላል፤ ሰሌዳውም ስለሚለዋወጥ ትኬቱን ከጣቢያው አስቀድሞ ማረጋገጥ ያሻል፡፡ ለሚቸኩል ሰው ይህ እንከን ነው፡፡ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ግን የባቡሩ ቀን እስኪደርስ አንድ ቀን ተጨማሪ ሐረር መቀመጥ ቅጣት አይደለም፡፡ ጀጎልን በአንድ ከሰዓት አየሁ የሚል ሰው ያየው አምስቱን በሮች ነው፡፡

ሐረርን ያስቀደምኩት ባቡር ስለሚያቀርባት ብቻ አይደለም፡፡ ወደ ይፋት የምታደርሰው የታሪክ መንገድ እሷ ነች፡፡ በ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ የወላስማ ሥርወ መንግሥት በይፋት ተነሳ፤ በ1285 እ.ኤ.አ. የሸዋን ሱልጣኔት ጠቅልሎ የዘይላን የንግድ መንገድ ያዘ፡፡ ከክርስቲያኑ መንግሥት ጋር ከመቶ ዓመት በላይ ሲታገል፣ አንዴ ሲገብር አንዴ ሲያምፅ ኖሮ ሱልጣን ሰዓደዲን ዘይላ ላይ ከተገደለ በኋላ ልጆቹ ወደ ምሥራቅ ገፍተው አዳልን መሠረቱ፡፡ መናገሻውም በ1520 እ.ኤ.አ. ሐረር ገባ፡፡ ስለዚህ ከሐረር ወደ ይፋት የሚጓዝ ሰው የአንድን መንግሥት መንገድ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየሄደበት ነው ማለት ነው፡፡ አርጎባዎች ዛሬም በሁለቱም ጫፍ አሉ፡፡ ከሐረር ወጣ ብሎ ኮረሚ፣ ወዲህ ደግሞ ከሚሴ አካባቢ ሾንኬ፡፡ ሁለቱም ከፍታ ላይ የተቀመጡ የድንጋይ ቤት መንደሮች ናቸው፡፡ አንዱን ያየ ሌላውን ሲያይ ዘመዱን ያገኘ ይመስለዋል፡፡

የዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ስለዚያ ዘመን የሚያስቀር አንድ ነገር አለው፡፡ በ1332 እ.ኤ.አ. የይፋቱ ሰብረዲን በንጉሡ ላይ ሲነሳ ከዛቻዎቹ አንዱ የንጉሡን መናገሻ ይዞ ጫት እተክልበታለሁ የሚል ነበር፡፡ ዛቻው በጦር ሜዳ ከሸፈ፡፡ ጫቱ ግን በራሱ መንገድ ደርሷል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ለምትኖሩ ማብራራት አያስፈልገኝም፡፡

በይፋት ተረተር ላይ የዚያ መንግሥት ከተሞች ፍርስራሽ አለ፡፡ አስባሪ፣ ማሳል፣ ኖራ የሚባሉትን ስፍራዎች የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ያጠኗቸው ገና በቅርቡ፣ በዚህ በያዝነው የፈረንጅ መቶ ዓመት መባቻ ላይ ነው፡፡ የመስጊድ ግድግዳ፣ የቤት መሠረት፣ የዓረብኛ ጽሑፍ ያለበት የመቃብር ድንጋይ ተገኝቷል፡፡ ስለ ላሊበላና ስለ አክሱም በትምህርት ቤት የተማርን እኛ ሸዋ ሮቢትን የምናውቃት በማንጎዋ፣ በፓፓያዋ፣ በማሾዋና በወህኒ ቤቷ ነው፡፡ ከጀርባዋ የመካከለኛው ዘመን ከተሞች እንዳሉ የነገረን አልነበረም፡፡

እዚህ ላይ ነው የጉዞ ዕቅዱ የሚሰበረው፡፡ ካርታው ላይ አዋሽ ወርዶ ሌላ ባቡር መሳፈር፣ በሸዋ ሮቢት አድርጎ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ መድረስ ይቻላል፡፡ ሐዲዱ 392 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፡፡ ውሉ ከቱርኩ ያፒ መርከዚ ጋር የተፈረመው በ2004 ሲሆን ግንባታው በየካቲት 2007 ተጀመረ፡፡ ወጪው 1.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ፣ የገንዘቡም ምንጭ በአብዛኛው የውጭ ብድር ነው፡፡ እስከ ኮምቦልቻ ያለው የመጀመሪያው ክፍል ሥራ ወደ መጠናቀቁ ሲደርስ የኤሌክትሪክ አቅርቦት አዘገየው፡፡ ያ ሳይፈታ ጦርነቱ መጣ፡፡ በጥቅምትና በኅዳር 2014 ጦርነቱ ኮምቦልቻን፣ ከሚሴንና ሸዋ ሮቢትን አዳርሶ ሲመለስ በፕሮጀክቱም ላይ ዘረፋና ውድመት ደረሰ፡፡

የባቡር ወዳጅ የሚያዝነው የተመረቀ ጣቢያ አላየሁም ብሎ ይሆናል፡፡ እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው፡፡ ሐዲዱ ያለፈበት መሬት ባዶ አልነበረም፡፡ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 8 መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲል የግል ንብረትን ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ከፍሎ መውሰድ እንደሚችል ይደነግጋል፡፡ በዚያን ጊዜ ሥራ ላይ የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ደግሞ ስሌቱን አስቀምጧል፡፡ መሬቱን በቋሚነት ለለቀቀ ገበሬ ከማሳው ላይ ካለው ንብረት ካሳ ሌላ፣ የመጨረሻዎቹ አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በአሥር ተባዝቶ ይከፈለዋል፡፡

በቀላል ምሳሌ እንየው፡፡ አንድ የይፋት ገበሬ ከሽንኩርትና ከማሾ በዓመት በአማካይ 20 ሺህ ብር ያገኝ ነበር እንበል፡፡ 200 ሺህ ብር ይሰጠዋል፡፡ ስሌቱ የታሰበው ባለፉት ዓመታት ዋጋ ነው፤ ወደፊት ሽንኩርት ስንት እንደሚገባ አዋጁ አይጠይቅም፡፡ አሥር ዓመት ኖሮበት ሲያልቅስ? አዋጁ በግልጽ ባይጽፈውም ከጀርባው ያለው ተስፋ ይታወቃል፡፡ እስከዚያ ባቡሩ ይመጣል፤ ጣቢያ ይከፈታል፤ ቲማቲሙ ሳይበላሽ ጅቡቲ ይደርሳል፤ ልጁም ሥራ ያገኛል የሚል ነው፡፡ ግንባታው ከተጀመረበት ከየካቲት 2007 ቁጠሩ፡፡ አሥሩ ዓመት በ2017 ሲሞላ በይፋት መደበኛ የመንገደኛ ባቡር አልተጀመረም ነበር፡፡ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ማባዣው ወደ አሥራ አምስት ከፍ ብሏል፤ ካሳውን አስቀድሞ በአሮጌው አዋጅ የተቀበለውን ሰው ግን ያ አይመለከተውም፡፡

"የሕዝብ ጥቅም" የሚለው ቃል መሬቱ በተወሰደ ዕለት ይመዘናል፡፡ ከአሥር ዓመት በኋላ ጥቅሙ መጣ ወይ ብሎ የሚመዝን ግን አላየሁም፡፡ ይህን የምለው ሐዲዱ ባልተሠራ ነበር ለማለት አይደለም፡፡ በእኔ አስተያየት መስመሩ ትክክለኛ መስመር ነው፤ ይፋትን ከወደብ ጋር የሚያገናኘው ጥንታዊው መንገድ ራሱ ነው፡፡ የተዘረጋ ሐዲድ ሣር እየበቀለበት ብድሩ ሲቆጠር ማየት ነው የሚያመው፡፡ ለአውሮፓ ቱሪስት የተበላሸ የሽርሽር ዕቅድ የሚሆነው ነገር ለቀወት ገበሬ ሁለት ጊዜ የተከፈለ ዋጋ ነው፡፡

ስለዚህ ሁለተኛው ሳምንት በጎማ ነው፡፡ ከሐረር ድሬዳዋ ወርዶ በባቡር ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ፣ ከዚያ በሀገር አቋራጭ አውቶብስ ደብረ ብርሃን መግባት፤ 130 ኪሎ ሜትር ነው፡፡ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ ብርድ ልብስ ሳይቆጥር የሚሰጥ ማረፊያ መምረጥ ይበጃል፡፡ በማግስቱ አንኮበር፡፡ ከኮረብታው ላይ ቆሞ ቁልቁል ሲያዩ አሊዩ አምባ ይታያል፡፡ ከሐረር የሚመጣው የነጋዴ ጓዝ የሚራገፍበት የሸዋ በር ይህ ነበር፡፡ በ1841 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪስ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣውም በዚሁ በኩል ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ንጉሡ ከእንግሊዝ ጋር የንግድ ውል ተፈራርመዋል፡፡

ከዚያ ጣርማበር ነው፡፡ ጣሊያን በወረራው ዘመን የቦረቦረውን ዋሻ አልፎ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ቁልቁል ሸዋ ሮቢት፡፡ ከጣርማበር እስከ ሮቢት ሁለት ሺህ ሜትር ያህል ቁልቁለት ነው፤ ጃኬት ለብሶ የተነሳ በካኒተራ ይደርሳል፡፡ ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች ሰው ሁሉ ምሳ በልቶ የሚያልፍባት ከተማ ነች፡፡ እኔ ሦስት ሌሊት መድቤላታለሁ፡፡ ፍርስራሾቹን ለማየት የአካባቢውን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ ማነጋገር፣ ከመንደሩ መሪ መያዝና ማልዶ በእግር መውጣት ያስፈልጋል፡፡

የዚህ ሳምንት የጊዜ ሰሌዳ የሚወጣው በገበያ ቀን ነው፡፡ ከሸዋ ሮቢት ወደ አጣዬ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ሰንበቴ ገበያዋ እሑድ ነው፡፡ አፋሩ ከብቱንና ግመሉን፣ ደገኛው እህሉን፣ ኦሮሞውና አርጎባው የየራሱን ይዞ ይገናኝባታል፡፡ ስለዚህ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ሮቢት አድሮ እሑድ ሰንበቴን ማየት፣ ከሰዓት በኋላ በቅጥቅጥ ከሚሴን አልፎ ኮምቦልቻ መግባት፣ ሰኞ ደግሞ የባቲን ገበያ መድረስ ነው፡፡ ሾንኬን የሚፈልግ ከሚሴ ላይ አንድ ሌሊት ይጨምር፤ ባቲ ግን ታመልጠዋለች፡፡

አሁን ለእህቴ ልጅ በስልክ ያልሸሸግሁትን ልጨርስ፡፡ በሚያዝያ 2013 አጣዬ ተቃጥላለች፤ ሸዋ ሮቢትም ተጎድታለች፡፡ ከዚያ የ2014ቱ ጦርነት፣ ቀጥሎ ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት መጣ፡፡ በዚህ መንገድ ላይ በአንድ ሳምንት ክፍት የሆነው በሚቀጥለው ሊዘጋ ይችላል፡፡ ሰንበቴ ላይ ጎን ለጎን የሚሸጡትና የሚገዙት ሰዎች ከዚያ ሁሉ በኋላ እንዴት እሑድ እሑድ እንደሚገናኙ ሄዶ ማየት የምፈልገው ትልቁ ነገር ነው፤ ልጆች ይዞ ለሚሄድ ሰው ግን በግምት አልመክረውም፡፡

ስለዚህ የነገርኩት ይህን ነው፡፡ የድሬዳዋውንና የሐረሩን ሳምንት ቁረጥ፤ ቀን ያዝ፡፡ የይፋቱን ሳምንት ባዶ ተወው እንጂ በሌላ አትሙላው፡፡ ከሐረር ስትመለስ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ደውለን የዕለቱን መንገድ ከሾፌሮች እንጠይቃለን፡፡ ክፍት ነው ካሉን እኔም አብሬህ እወርዳለሁ፤ አይሆንም ካሉን አንኮበር ላይ ሆነን ቁልቁል እናያለን፡፡ ቲኬት ስትቆርጥም አዋሽ የምንደርስበትን ሰዓት ጠይቅልኝ፡፡ ወደ ሰሜን የሚታጠፈውን ሐዲድ በብርሃን ላሳይህ እፈልጋለሁ፡፡