ጀበናው የተወው ነጭ ክብ

ባለፈው እንቁጣጣሽ ፕሪንስዳል ያለው ቤታችን በእንግዳ ሞልቶ ነበር። እኔ ጀበናውን ከምድጃ አንስቼ፣ ለፎቶ ያምራል ብዬ፣ ያለ ማቶት ሳሎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ቂጡ ደግሞ እርጥብ ነበር። ፎቶው አምሯል። ጀበናው ሲነሳ ግን ጠረጴዛው ላይ እንደ ወተት የነጣ ክብ ቀረ።

ጠረጴዛው የቲክ እንጨት ነው። እማዬ ኖርዌይ በገባች በመጀመሪያው ክረምት ከፍሬቴክስ፣ ከሳልቬሽን አርሚ የአሮጌ ዕቃ መደብር ማለት ነው፣ የገዛችው። ለዚህ አገር ቤቷ የመጀመሪያው ዕቃ እሱ ነበር። "ግዴለም፣ ዕቃ ነው" አለችኝና ዳንቴል አለበሰችው። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ መድኃኒት አዘዘልኝ። የጥርስ ሳሙና፣ ማዮኔዝ፣ አመድ። አንድ አጎቴማ "በብርጭቆ ወረቀት ፋቂው፣ ይለቃል" አለ። ሁሉም ስለ አንድ ዓይነት ምልክት የሚያወሩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እንጨት ላይ የሚቀር ምልክት ሁለት ዓይነት ነው። በነርሲንግ ትምህርታችን ቁስል ከመታከሙ በፊት ጥልቀቱ ይታያል። እዚህም እንደዚያው ነው፤ መጀመሪያ ቀለሙን እዩ።

ነጭ ከሆነ ጉዳቱ እንጨቱ ጋ አልደረሰም። ያለው ከላይ በተቀባው ቫርኒሽ ወይም ሸላክ ውስጥ ነው። ሙቀቱ ቅቡን ያለሰልሰዋል፣ እንፋሎቱ ይገባበታል፣ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ እዚያው ይታፈናል። ብርሃን ቀጥ ብሎ እንደማለፍ በእነዚያ ጥቃቅን ጠብታዎችና ክፍተቶች ይበተናል። ጉም ነጭ የሚመስለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ሥራው መፋቅ ሳይሆን ያንን እርጥበት ማስወጣት ነው። ምልክቱ አዲስ ከሆነ መጀመሪያ ዳንቴሉንም ላስቲኩንም አንሱና ጥቂት ቀን ተዉት። በክረምት ማሞቂያ የሚነድበት የኦስሎ ቤት አየሩ በጣም ደረቅ ስለሆነ አንዳንዱ በራሱ ይጠፋል። የኔ አልጠፋም። ያኔ ካውያ አወጣሁ። ውኃውን ሙሉ በሙሉ ደፋሁ፣ እንፋሎቱን ዘጋሁ፣ ሙቀቱን ዝቅተኛው ላይ አደረግሁ። ንጹሕና ደረቅ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ምልክቱ ላይ አንጥፌ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ካውያውን አሳለፍኩበት። ከዚያ ጨርቁን አንስቶ ማየት፣ ጠረጴዛው እስኪበርድ መጠበቅ፣ እንደገና። ስምንት ጊዜ ያህል ደጋግሜዋለሁ። ክቡ ከዳር ወደ መሐል እየጠበበ ሄደ፤ እውነቱን ለመናገር በደስታ ጮህኩ።

ይህን ከማድረጋችሁ በፊት ግን ከጠረጴዛው ሥር በማይታይ ቦታ ሞክሩት። ቅቡ ከለሰለሰ ወይም ጨርቁ ላይ ከተጣበቀ አቁሙ። ትንሽ ጭጋግ ከቀረ ቫዝሊን ቀብቶ ማሳደር ይረዳል። ዘይቱ በቅቡ ውስጥ ያሉትን ክፍተቶች ሲሞላ ብርሃኑ መበተኑን ይቀንሳል። ማዮኔዙም የሚሠራው በዘይቱ ነው፤ እንቁላሉና ኮምጣጤው ትርፍ ሽታ ናቸው። የጥርስ ሳሙና ደግሞ በጣም የላመ አሸዋ በሉት። በእርግጥ ይፍቃል፣ ግን የሚያብረቀርቀውንም ያደበዝዛል።

የአጎቴን ምክር ያልሰማሁት ለዚህ ነው። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የተሠሩት የስካንዲኔቪያ የቲክ ጠረጴዛዎች ብዙዎቹ ድፍን ቲክ አይደሉም። በሌላ እንጨት ላይ የተለጠፈ፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም የማያልፍ ስስ የቲክ ልባስ ነው ያላቸው። በብርጭቆ ወረቀት አንዴ ከተበሳ መመለሻ የለውም። ከኢትዮጵያ የመጣ የዋንዛ ረከቦት ቤታችሁ ካለም እጃችሁን ሰብስቡ። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ እንደ ድሮው የሚቆረጡ ዛፎች አይደሉም፤ በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። አሮጌውን መጠበቅ ይሻላል።

ጥቁር ምልክት ሌላ ታሪክ ነው። ውኃው ቅቡን አልፎ እንጨቱ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። እንጨት ውስጥ ታኒን አለ፣ ሻይን የሚያከረው ያው ንጥረ ነገር። ታኒን ከብረት ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል፤ የአውሮፓ ጸሐፊዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ቀለም የሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ለዚህ ነው እርጥብ የድስት መፈተጊያ ሽቦ እንጨት ላይ፣ በተለይ ኦክ ላይ፣ የማይነካው። የሚቀረው የብረት ብናኝ አዲስ ጥቁር ነጥብ ይወልዳል። ጥቁሩን ካውያም ቫዝሊንም አይነካውም። የሚያነጣው ኦክሳሊክ አሲድ ነው፤ እሱም ቅቡ ከተነሳ በኋላ ባዶ እንጨት ላይ ነው የሚሠራው። መርዝ ስለሆነ ጓንት፣ መነጽርና ክፍት መስኮት ያስፈልጋል። ዱቄቱ መተንፈስ የለበትም፤ እንጨቱም በኋላ በደንብ መታጠብ አለበት። ኖርዌይ ያላችሁ የመርዝ መረጃ ማዕከሉን ቁጥር፣ 22 59 13 00ን፣ ስልካችሁ ላይ አስገቡ። ለአሲዱ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ነገር።

አንድ ሌላ ማስጠንቀቂያ፣ ምክንያቱም ይህን ያህል ሰው አያውቀውም። እንጨቱን በመጨረሻ በተልባ ዘይት ካሻችሁ (አዎ፣ በጾም የምንጠጣው ተልባ) ጨርቁን ጨምድዳችሁ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አትጣሉ። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ የተጨመደደ ጨርቅ ሙቀቱን አፍኖ ክብሪት ሳይነካው በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። በውኃ አርሱት፣ ወይም ውጪ ዘርግታችሁ አድርቁት።

የእማዬ ጠረጴዛ አንድ ጥቁር ክብም አለው፤ ጥጉ ላይ፣ ወደ መስኮቱ። የቡና ጤና አዳሟን ለዓመታት በዛገ ጣሳ ተክላ እዚያ ታስቀምጠው ነበር። አሲዱን ልግዛ ብዬ ነበር፤ ልባሱ ስስ ነው፣ ቤት ውስጥም ትንሽ ወንድም አለኝ፣ ተውኩት። ዳንቴሉ አሁን ተነስቷል። ጤና አዳሙ ወደ ጥቁሩ ክብ ተመልሷል፤ ዘንድሮ በሸክላ ማሰሮ፣ ከሥሩ ሳህን ተደርጎለት። ጀበናውም ማቶቱ ላይ ነው።